የግራ እግር ትምህርት

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ መንዳት የሚማር ሰው ከፍሪሲዮን ማምለጥ አይችልም። በመናኸሪያው ተራ ይዘው የሚቆሙት ሚኒባሶች፣ በቆሎና በርበሬ ጭነው ወደ አዲስ አበባ የሚያቀኑት አይሱዙዎች፣ ጠጠርና አሸዋ የሚያመላልሱት ሲኖትራኮች በአብዛኛው ባለ ማርሽ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ አውቶማቲክ ቪትዝ የገዛ ሰው ግራ እግሩን ሳያንቀሳቅስ ዓመታት ሊነዳ ይችላል። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ መሪ ይዞ እንጀራ ለመብላት ያሰበ ወጣት ግን ግራ እግሩን ማሠልጠን ግዴታው ነው።

አንድ ተገቢ ጥያቄ አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። አዲስ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ፍሪሲዮንም የሚቀየር ማርሽም የላቸውም። ታዲያ ዛሬ ማርሽ መማር ምን ይጠቅማል? መልሱ መንገድ ላይ ይታያል። አገር ውስጥ ያለው ነባር መኪና በአንድ ጀምበር አይጠፋም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና ሃያና ሠላሳ ዓመት በጋራዥ እየታደሰ ይሠራል። ከደርግ ዘመን የቀሩ ቶዮታዎች ዛሬም ይነዳሉ። የጭነቱና የሕዝብ ማመላለሻው ሥራም ለብዙ ዓመታት በእነዚሁ ነባር መኪኖች ትከሻ ላይ እንደሚቆይ ግልጽ ነው። ከዚህም በላይ ባለ ማርሽ መኪና ዳገት፣ ቁልቁለትና ጭነት ሞተርን ምን እንደሚያደርጉት ለነጂው በቀጥታ ይነግረዋል። ይህን እውቀት የያዘ ሰው የትኛውንም መኪና በማስተዋል ይነዳል።

ለማጆች የሚፈሩት ማርሹን ነው። አንደኛ የት ነው? ሦስተኛስ? ወደ ኋላ የሚሄደው ተጭኖ ነው ወይስ ተስቦ የሚገባው? እጅ ግን ይህን ሁሉ በጥቂት ቀን ይለምደዋል። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ መስመር ወደ ቀኝ መስመር ከተዛወረች ወዲህ የነጂው መቀመጫ በግራ በኩል ስለሆነ፣ ማርሹ የሚያርፈው በአብዛኞቻችን ጠንካራ እጅ ስር ነው። አስቸጋሪው ትምህርት ያለው ግራ እግር ላይ ነው። ይህ እግር ዕድሜውን ሙሉ ሲራመድ፣ ሲቆም፣ ኳስ ሲመታ ኖሯል እንጂ አንድን ነገር በጣት ስፋት ልክ ቀስ አድርጎ መልቀቅን ማንም አላስተማረውም።

ፍሪሲዮን ምን እንደሚሠራ ሳይገባው የሚለማመድ ሰው በጨለማ እንደሚዳብስ ይቆጠራል። ስለዚህ ቁልፍ ከመንካት በፊት ይህን ማወቅ ይጠቅማል። የመኪና ሞተር ከተነሳ በኋላ መቆም አይችልም፤ ነዳጅ ሳይሰጠው፣ በሚኒሞ ብቻ ሲሠራ እንኳ በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ጊዜ ያህል ይዞራል። ከዚያ በታች ብዙ ከወረደ ይጠፋል። ጎማ ግን ቆሞ መነሳት አለበት። በሚዞረው ሞተርና በቆመው ጎማ መሃል የሚገባው አስታራቂ ፍሪሲዮን ነው። ሞተሩ ጀርባ ላይ ቮላኖ የሚባል ከባድ የብረት ጎማ አለ። ከእሱ ጎን በሸራ የተለበጠ ቀጭን ዲስክ ተቀምጧል፤ ዲስኩ የተያያዘው ማርሾቹ ካሉበት ከካምቢዮው ጋር ነው። ከኋላ ደግሞ ጠንካራ ስፕሪንግ ያለው ሳህን ዲስኩን ከቮላኖው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ነጂው ፍሪሲዮን ሲረግጥ አንድ ኩሽኔታ ስፕሪንጉን ይገፋና መጣበቁ ይላላል፤ ሞተሩ ለብቻው ይዞራል፣ ካምቢዮው ነፃ ይሆናል። እግሩን ሲያነሳ ዲስኩ ተመልሶ ይጣበቃል።

ዋናው ቁም ነገር ያለው በመርገጥና በመልቀቅ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ነው። እዚያ ላይ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ አልተጣበቀም፣ ሙሉ በሙሉም አልተላቀቀም፤ እየተንሸራተተ የሞተሩን ጉልበት ጥቂት በጥቂት ወደ ጎማው ያሳልፋል። አሠልጣኞች «ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት» የሚሏት ይህችን ነጥብ ነው። በአንዱ መኪና ከወለሉ ብዙም ሳይርቅ ትገኛለች፣ ሸራው ባለቀ መኪና ደግሞ የምትመጣው ፔዳሉ ወደ ላይ ተመልሶ ሊያልቅ ሲል ነው። ስለዚህ አንድ መኪና ላይ በቃል የተጠና እግር ሌላ መኪና ላይ ይሳሳታል። መያዟን የሚያበስሩት ምልክቶች ግን በሁሉም መኪና አንድ ናቸው፦ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ መሪው ላይ ትንሽ ንዝረት ይሰማል፣ የመኪናው አፍንጫ ከፍ ማለት ይጀምራል።

የመጀመሪያው ሰዓት ልምምድ ነዳጅ መስጠት አያስፈልገውም። ለጥ ያለ ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ለማጁ ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻው ረግጦ አንደኛ ያስገባል። ተረከዙን ወለሉ ላይ ያስደግፍና እግሩን እንደ ጉንዳን ጉዞ ቀስ አድርጎ ያነሳል። ድምፁ ዝቅ ሲል እዚያው ያቆመዋል። አሠልጣኙ አጠገቡ ተቀምጦ «ያዝ! እዚያው ያዝ፣ አትልቀቅ!» ሲል ይሰማል። መኪናው ነዳጅ ሳይሰጠው በራሱ መራመድ ይጀምራል። ለማጁ መልሶ ይረግጣል፣ መኪናው ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። ይህ ልምምድ አሰልቺ ይመስላል፤ ብዙዎች ገና በመጀመሪያው ቀን አስፋልት ላይ መውጣት ስለሚፈልጉ ይዘሉታል። የሚዘሉት ሰዎች ከወር በኋላም መናኸሪያ በር ላይ ሞተር ሲጠፋባቸው፣ ከኋላ ክላክስ ሲነፋባቸው ይታያሉ።

እርፍ የጨበጠ ገበሬ የማረሻውን ጥልቀት ወደ መሬት ሳያጎነብስ በእጁ እንደሚያውቀው፣ ፍሪሲዮንም ወደ ታች ሳይታይ በእግር ይታወቃል። ወፍራም ቦቲ ጫማም ነጠላ ጫማም ለዚህ ጠላት ናቸው፤ አንደኛው ስሜት ይከለክላል፣ ሁለተኛው ፔዳል ላይ ያንሸራትታል። ለልምምድ ቀን የሚመረጠው ሶሉ ቀጭን፣ እግር ላይ የጠበቀ ጫማ ነው።

ሞተር ሲጠፋ የሚያፍሩ ለማጆች ብዙ ናቸው። ማፈር አያስፈልግም፤ ሞተሩ የጠፋው ከሚኒሞው በጣም ዝቅ ብሎ እንዲሠራ ስለተገደደ ብቻ ነው። የጎጃም ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር በመሆኑ፣ ተርቦ የሌለው ትንሽ ሞተር ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት በዚያው ልክ ያጣል። ስለዚህ በውጭ አገር መመሪያ ላይ «ነዳጅ ሳይሰጡ መነሳት ይቻላል» የሚለው ምክር እዚህ የሚሠራው ሜዳ ላይ ብቻ ነው። አራት ሰው ተጭኖ፣ መሬቱ ጥቂት ዘንበል ካለ፣ ፍሪሲዮን መያዝ ከመጀመሩ በፊት ቀኝ እግር ትንሽ ነዳጅ መስጠት አለበት። ካርቡራቶር ባላቸው የድሮ መኪኖች ላይ ይህ ይበልጥ ይሰማል።

በሁለቱም ከተሞች ከመኪና በፊት ባጃጅ የነዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። እነሱ ግማሹን መንገድ ተጉዘውታል ማለት ይቻላል። የባጃጅ ፍሪሲዮን በግራ እጅ የሚጨበጥ ነው፤ ማርሹም እዚያው እጀታው ላይ እየተጠመዘዘ ይቀየራል። ስለዚህ የባጃጅ ነጂ ፍሪሲዮን በድንገት ሲለቀቅ ምን እንደሚሆን ገላጭ አያሻውም፣ ሞተር ሲያቃስት ድምፁን ይለያል። የሚቸግረው ያንን ስሜት ከጣቱ ወደ እግሩ ማውረድ ነው። ሌላም ልዩነት አለ። ባጃጅ ላይ ማርሽ የሚወጣውም የሚወርደውም በተራ ነው። መኪና ላይ ግን እጅ ከአምስተኛ በቀጥታ ሁለተኛ ማስገባት ይችላል፤ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ይህ ስህተት ከተፈጸመና ፍሪሲዮኑ ከተለቀቀ፣ ጎማዎቹ ሞተሩን ከአቅሙ በላይ አሽከርክረው ሊያበላሹት ይችላሉ። የባጃጅ ልጆች በመንገድ ላይ ድፍረት አያንሳቸውም፤ መኪና ላይ መማር ያለባቸው እርጋታን ነው።

ማርሾች ለምን አስፈለጉ? በተለመደ ትንሽ የቤት መኪና፣ አንደኛ ማርሽ ላይ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ 13 ወይም 14 ጊዜ ያህል ይዞራል። ፍጥነቱ ጠፍቶ ጉልበቱ የሚበዛው ለዚህ ነው። አምስተኛ ላይ ግን ሞተሩ የሚዞረው ሦስት ወይም አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ መኪናው ይሮጣል፣ የመግፋት አቅሙ ግን ይቀንሳል። መቼ መቀየር እንዳለበት የሚጠይቅ ለማጅ የፍጥነት ቁጥር በቃል ማጥናት የለበትም፤ የሚያስፈልገው ማዳመጥ ነው። ሞተሩ ከጮኸ ወደ ላይ ይቀይራል፣ ካጉረመረመና መኪናው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወደ ታች። ከደምበጫ በጅጋ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም የሚመጣ ነጂ ዳገት ሲጀምር ጉልበቱ ሳያልቅ ቀድሞ ማርሽ ካወረደ መኪናው ሳያቃስት ይወጣል። አራተኛ ላይ እስኪንቀጠቀጥ የጠበቀ ግን ፍጥነቱን አጥቶ አንደኛ ድረስ ይወርዳል፤ ከኋላው ያለውንም የመኪና ሰልፍ ያስቆማል።

የዛሬ ለማጅ አያቶቹ ያላገኙትን ዕድል አግኝቷል። የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ መንገድ በሌለበት አገር ወራት ፈጅቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣት ሲድሊ ነበረች። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የገባውን ትሬንታ ኳትሮ የሚባለውን ፊያት ጨምሮ፣ ካምቢዮ ውስጥ የማርሾቹን ፍጥነት የሚያስተካክል ነገር አልነበረም። ነጂው ማርሽ በቀየረ ቁጥር ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ መርገጥ ነበረበት፦ መጀመሪያ ወደ ዜሮ ለማውጣት፣ ከዚያ ዜሮ ላይ ፍሪሲዮኑን ለቆ የሞተሩን ዙር ካመጣጠነ በኋላ የሚቀጥለውን ለማስገባት። ልኩን ካላገኘ ብረት ከብረት ይጋጭና ካምቢዮው ይጮሃል። በ1928 እ.ኤ.አ. ካዲላክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በካምቢዮ ውስጥ ማርሾቹን ከመግጠማቸው በፊት በሰበቃ እኩል የሚያዞር መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ባለ ማርሽ በሆኑ የቤት መኪኖች ውስጥ ያለው፣ በአብዛኛው ከነሐስ የሚሠራ ቀለበት የዚያ ልጅ ነው። ቀለበቱ ሥራውን ለመጨረስ ቅጽበት ይፈልጋል፤ ማርሽን በኃይል ወርውሮ የሚያስገባ እጅ ያንን ቅጽበት ይነፍገውና ቀለበቱን ይበላዋል። ዜሮ ላይ አንዲት አፍታ አሳርፎ ማስገባት ለካምቢዮ ዕድሜ ይሰጣል።

አሁን ወደ ዳገት። ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት የለማጅ ሁሉ ስጋት ነው፤ የፈተናው ቀን ከሚያስጨንቁት ነገሮችም አንዱ ነው። ሚስጥሩ ግን የእጅ ፍሬን ላይ ነው። መኪናው በእጅ ፍሬን ተይዞ ቆሟል። ነጂው አንደኛ ያስገባል፣ ነዳጅ ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ ፍሪሲዮኑን እስከሚይዝበት ድረስ ያነሳል። የእጅ ፍሬን በአብዛኛው የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ ስለዚህ የፊት ጎማ የሚነዳው መኪና ወደ ፊት ለመሄድ ሲታገል አፍንጫው ከፍ፣ ጭራው ዝቅ ሲል ይሰማል። ይህ ከተሰማ እጅ ፍሬኑን መልቀቅ ነው፤ መኪናው ወደ ኋላ አንዲት ጋት ሳይንሸራተት ይነሳል። የእጅ ፍሬንን ንቆ በፍሪሲዮን ብቻ መኪናውን ዳገት ላይ ይዞ መቆየት ግን ሸራውን እየፈጁ መዝናናት ነው። የተቃጠለ ሸራ ሽታ አንዴ የሸተተው አይረሳውም፤ ጥገናውም ካምቢዮ ማውረድ ስለሚጠይቅ ወጪው ከባድ ነው።

የጭነት መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ወርዶ ከኋላ ጎማ ስር ድንጋይ ያስገባል። ነጂው ሲነሳ ረዳቱ እየሮጠ ይሳፈራል፣ ድንጋዩ ግን አስፋልቱ መሃል ይቀራል። በጎጃም መንገዶች ላይ ይህ ነገር እጅግ ያሳዝናል፤ ማታ የሚመጣ የሞተር ሳይክል ወይም የባጃጅ ነጂ ያንን ድንጋይ የሚያየው ሊረግጠው ሲል ነው። በድንጋዩ ምትክ ታኮ በገመድ ታስሮ ከመኪናው ጋር ቢንጠለጠል ችግሩ ይፈታል። ለማጅም ይህን ከመጀመሪያው ቀን መልመድ አለበት፦ ያስቀመጠውን ድንጋይ ሳያነሳ አይሄድም። ዳገት ላይ መኪና አቁሞ የሚወርድ ሰው ደግሞ የእጅ ፍሬን ከሳበ በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ ማርሽ ውስጥ ይተወዋል፤ አፍንጫው ወደ ዳገት ከሆነ አንደኛ፣ ወደ ቁልቁለት ከሆነ የኋላ ማርሽ።

ዳገት ላይ የሚሳሳት ሰው ሞተር ይጠፋበታል። ቁልቁለት ላይ የሚሳሳት ግን ሕይወት ያጣል። ከምዕራብ ጎጃም በዋናው መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ነጂ ደጀን ላይ ሲደርስ የዓባይ በረሃ ይጠብቀዋል። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአንዱ አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1200 ሜትር ይበልጣል። ታች፣ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራውና በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ አለ። መሬቱ የሚንሸራተት በመሆኑ አስፋልቱ በየቦታው ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚሄደውም መንገድ ዓባይን ለመሻገር እንዲሁ ወርዶ ይወጣል።

በዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ምን እንደሚገጥመው በሒሳብ ማየት ይቻላል። አንድ ሺህ ኪሎ የሚመዝን የቤት መኪና 1200 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ሙሉ ውሃ ወደ መፍላት ያቃርባል። ከነጭነቱ ስምንት ሺህ ኪሎ የሚመዝን አይሱዙ ከሆነ አሥራ ስድስት ጀሪካን ነው። ነጂው በከፍተኛ ማርሽ እየወረደ ፍሬን ብቻ ከረገጠ ይህ ሙቀት ከሞላ ጎደል የሚያርፈው በፍሬኑ ዲስኮች ወይም ታምቡሮችና ሸራዎች ላይ ነው። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይደክማል፤ የፍሬን ዘይቱም ከፈላ በውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት እንደ ዘይት ግፊት አያስተላልፍም፣ ይታመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው ግን አይቆምም።

መድኃኒቱ ያለው ማርሽ ላይ ነው። እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳና ማርሽ ውስጥ ሲሆን ጎማው ሞተሩን ይጎትተዋል፤ ሞተሩም በራሱ ሰበቃና አየር በመሳብ ሥራው መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ማርሹ ዝቅ ባለ ቁጥር ይህ መያዝ ይጠነክራል። የቆዩ ሾፌሮች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር አጭር ነው፦ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ።» ማርሹ መውረድ ያለበት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ አፋፉ ላይ ነው፤ መኪናው ከተንደረደረ በኋላ ዝቅ ያለ ማርሽ አልገባም ሊል ይችላል፤ ዜሮ ላይ የቀረ ከባድ መኪና ደግሞ የሚይዘው የለም። ከዚያ በኋላ ፍሬን የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ነው፦ ጠንከር አድርጎ ረግጦ ፍጥነትን መቀነስ፣ መልቀቅ፣ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ መስጠት። እግርን ፔዳል ላይ አሳርፎ ላላ አድርጎ እየረገጡ መውረድ ሸራውን ያለ እረፍት ያግለዋል። አይሱዙና ሌሎች ብዙ የናፍጣ ጭነት መኪኖች የጭስ ማውጫውን በመዝጋት ሞተሩ ይበልጥ እንዲይዝ የሚያደርግ ተጨማሪ ፍሬን አላቸው፤ እሱም ቢሆን የሚሠራው ማርሽ ውስጥ ሲኮን ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያፈርስ አንድ ክፉ ልማድ አለ፦ ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለቱን በዜሮ መውረድ፣ ይባስ ብሎም ሞተር አጥፍቶ መውረድ። ነዳጅ ሲወደድ ልማዱም ይበረታል። ነገር ግን ካርቡራቶር በሌላቸው፣ በኢንጄክሽን በሚሠሩ መኪኖች ላይ ስሌቱ ራሱ የተገለበጠ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ መኪናው ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነውና። ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በሚኒሞ ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ቆጣቢው ሰው ሳያውቅ ይበልጥ ያባክናል። ሞተር ያጠፋ ነጂ ደግሞ ፍሬኑን የሚያግዘው የአየር ስበት ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጠ በኋላ ያልቅበታል፣ መሪው ይከብደዋል፣ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ከመለሰው መሪው ሊቆለፍበት ይችላል። ከኋላው የተቀመጡ አሥራ ሁለት ሰዎች ይህን አያውቁም፤ ሂሳብ ከፍለው፣ ነጂውን አምነው ተቀምጠዋል። በሰው ነፍስ ላይ የሚቆጠብ ነዳጅ የለም።

ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ አልፎ ቡሬ የሚያደርሰው መንገድ ከ30 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ ለጥ ያለ ነው፤ ለአዲስ ነጂ ጥሩ መለማመጃ ይመስላል። አታላይነቱም እዚህ ላይ ነው። በገበያ ቀን መንገዱን የሚጋሩት አህያ የሚነዱ እናቶች፣ ጋሪዎች፣ በቆሎ የተሸከሙ ሰዎችና ከብቶች ናቸው። በሬ ክላክስ አይገባውም፤ ጥጃ ደግሞ እናቱ ከተሻገረች ተከትሎ መሻገሩ አይቀርም። አንዲት ላም መንገድ ስታቋርጥ ያየ ነጂ ተከታይ እንዳላት መገመት አለበት። እንዲህ ባለ ቦታ ባለ ማርሽ መኪና ጥቅሙን ያሳያል፦ ከሩቅ ሦስተኛ፣ ሲቀርብ ሁለተኛ ያስገባ ነጂ ፍጥነቱ በራሱ ወርዷል፣ ፍሬን ለመርገጥም፣ መንገዱ ሲከፈት ጉልበት አግኝቶ ለመውጣትም ዝግጁ ነው። በድንገት ለመቆም ግን ሕጉ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን የሚረገጠው መኪናው ሊቆም ሲል ነው። ደንግጦ ፍሪሲዮን ቀድሞ የረገጠ ሰው ሞተሩ ሊሰጠው የነበረውን እርዳታ በገዛ እግሩ ቆርጦታል።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚያስገቡት የጠጠርና የአፈር መንገዶች ቀይ ጭቃ ይሆናሉ። ጭቃ ላይ አንደኛ ማርሽ ጉልበቱ ስለሚበዛ ጎማውን ባለበት ያሽከረክረዋል፤ በሁለተኛ፣ ነዳጅ ሳያበዙ፣ ፍሪሲዮኑን አለስልሶ መነሳት ይሻላል። ጎማው አንዴ መቆፈር ከጀመረ ነዳጅ መጨመር ጉድጓዱን ማጥለቅ ነው። መጀመሪያ ወርዶ ማየት፣ ቅጠልና ድንጋይ ማንጠፍ፣ ከዚያ በመጡበት አቅጣጫ ወደ ኋላ መሞከር ይቀድማል። ጥልቀት የሌለው ወንዝ የሚሻገር ሰው አንደኛ ላይ ሆኖ ሞተሩን ሳያወርድ በዝግታ ይቀጥላል፤ መሃል ላይ ማርሽ አይቀይርም። ከተሻገረ በኋላ ፍሬኑን ቀለል አድርጎ ደጋግሞ በመርገጥ ያደርቀዋል። ውሃው የት ድረስ እንደሆነ ካልታወቀ ግን አይገባም፤ ክረምት ላይ ወንዝ ጠዋትና ከሰዓት አንድ አይደለም።

ባለ ማርሽ መኪና ለገጠር ሰው የሚሰጠው ሌላም ስጦታ አለ። ባትሪ ደክሞ መኪናው አልነሳም ሲል፣ ጋራዥ በሌለበት ቦታ ሦስት አራት ጎረምሶች ይበቃሉ። ቁልፉ ይከፈታል፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ሁለተኛ ማርሽ ይገባል፣ ሰዎቹ ይገፋሉ። መኪናው በሩጫ ፍጥነት ሲሄድ ነጂው ፍሪሲዮኑን በአንዴ ይለቃል፤ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፣ ሞተሩ ይነሳል። ወዲያው ፍሪሲዮን መልሶ መርገጥና ትንሽ ነዳጅ መስጠት ያስፈልጋል። ሁለተኛ የሚመረጠው አንደኛ ጎማውን በጣም ስለሚይዘው ነው። የሚገፉት ሰዎች ከኋላ እንጂ ከጎን ወይም ከፊት እንዳይሆኑ ማረጋገጥ የነጂው ኃላፊነት ነው። አውቶማቲክ መኪና በዚህ መንገድ አይነሳም።

የልምምዱ ቅደም ተከተል የሚመጣው ከዚህ ሁሉ ነው። በመጀመሪያ ለጥ ባለ ሜዳ በፍሪሲዮን ብቻ መንቀሳቀስና መቆም፤ ከዚያ እስከ ሦስተኛ ማርሽ መውጣትና መውረድ፤ ከዚያ ወደ ኋላ መንዳት፣ በስፖኪዮ እያዩ በተተከሉ እንጨቶች መሃል መግባት፤ ቀጥሎ ዳገት፤ በመጨረሻ የከተማ መንገድ። «ለማጅ» የሚል ጽሑፍ የለጠፈ መኪና ሲያልፍ ሌሎች ነጂዎች ቦታ ሊሰጡት ይገባል፤ ክላክስ እየነፉ ማስደንገጥ አንድ ለማጅ ቀስ አድርጎ መልቀቅ የነበረበትን ፍሪሲዮን በአንዴ እንዲለቅ ያደርገዋል፣ መኪናውም ዘሎ ወደ ሰው ይሄዳል።

መንጃ ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት በተሽከርካሪ ዓይነት የተከፋፈለ ነው፤ የባጃጅ ፈቃድ አውቶሞቢል አያስነዳም፣ የአውቶሞቢል ፈቃድም ሚኒባስ ወይም አይሱዙ አያስነዳም። የፈተናው መንገድ ግን የዓባይን በረሃ አያካትትም። ስለዚህ አዲስ ፈቃድ ያወጣ የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ ነጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ሲነሳ፣ መንገዱን የሚያውቅ የቆየ ሾፌር አጠገቡ ያስቀምጥ፣ ደጀን የሚደርሰው በቀን ብርሃን እንዲሆን በጠዋት ይነሳ። አፋፉ ላይ ቆሞ የፍሬን ዘይቱን መጠን፣ የጎማውን ነፋስና የእጅ ፍሬኑን ይይ፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ መውረድ ይጀምር። መንገድ ላይ የተቃጠለ ሸራ ከሸተተው ወይም ፔዳሉ ከለሰለሰበት ሰፊ ቦታ ፈልጎ ይቁም፤ ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ፣ የጋለው ፍሬን ላይ ውሃ አያፍስስ።